ሶሎቪዮቭን ሳያውቁ ስለ ጎርባቾቭ መጻፍ፦ የምላሽ ጽሑፍ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከወላጅ ወደ ወላጅ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔም ሦስት ሰው ላከልኝ። እዚህ ለንደን ቅዳሜ ቅዳሜ የኤ ሌቭል ታሪክ የሚወስዱ የሐበሻ ልጆችን አስጠናለሁ። አንዲት እናት ጽሑፉን ልከው «እስቲ እየው፣ ልጄ ዝም ብሎ እየቸከለ ነው ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ለእሳቸው በስልክ የመለስኩትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው።

ጽሑፉ የሚመክረው በሶቪየት ኅብረት ስለነበረው የፖለቲካ ለውጥ፣ በተለይ ስለ መጨረሻው የሶቪየት መሪ ስለ ጎርባቾቭ ዘመን፣ ፈተና ላይ እንዴት እንደሚጻፍ ነው። ፍሬ ነገሩ በአጭሩ ይኼ ነው። ፈታኙ የሚፈልገው ሐሳብ ነው፣ ቀንና ቁጥር መያዝ ቸከላ ነው። ጥቅሉን ማወቅ ይበቃል። የግድ ከሆነ በየአንቀጹ አንድ ቀን ወይም አንድ ስም እንደ ጨው መነስነስ ነው። የሩሲያ ስምና የፈረንጅ ዓመተ ምሕረት ልጆቻችንን ያደናግራቸዋል። ደግሞም ቁጥር ዛሬ ስልክ ላይ ይገኛል።

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም። ልጆች እንዳይጨነቁ አስበው ነው። ግን ምክራቸውን የተከተለ ልጅ ውጤቱ ብቻ ሳይሆን ታሪኩም ያመልጠዋል ብዬ ስለማምን ዝም ማለት አልቻልኩም። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ማስረጃ መደርደር ቸከላ ነው» የሚለውን ግማሹን እቀበላለሁ። አምና አንድ ጎበዝ ልጅ ነበረኝ። ከስታሊን ሞት ጀምሮ እስከ ዲሴምበር 25 ቀን 1991 ድረስ ያለውን ቀን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ጥያቄው «የፖለቲካ ለውጡ የኮሚኒስት ፓርቲውን ሥልጣን ምን ያህል አዳከመው?» የሚል ነበር። እሱ ግን የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ጻፈ፣ ወደ ጥያቄው አንድም ጊዜ አልተመለሰም። ውጤቱ ዝቅ አለ። በጣም አዘነ፣ እኔም አብሬው አዘንኩ።

የልጁ ችግር ብዙ ማወቁ ነበር እንዴ? በፍጹም። የያዘው ነገር ሁሉ ለምን እንደሚጠቅም አልገባውም ነበር። ያ ደግሞ እኔ ቀደም ብዬ ላስተምረው የሚገባኝ ነገር ነበር። ጸሐፊው እንዲህ ያለውን ልጅ አይተው መድኃኒቱ «ቁጥሩን ጣለው» ነው ብለዋል። እኔ ደግሞ መድኃኒቱ እያንዳንዱን ነገር «አንተ ምን እንድል ታስችለኛለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው እላለሁ። ይኼን ጥያቄ የለመደ ልጅ ስድሳ ቀን መያዝ አያስፈልገውም። አሥር አሥራ ሁለት በደንብ የገቡት ነገሮች ይበቁታል።

አሁን ወደ ዋናው ልሂድ። ጸሐፊው ለናሙና ያቀረቡት መልስ ይኼ ነው፦ «ጎርባቾቭ በግላስኖስትና በፔሬስትሮይካ ሥርዓቱን ከፈተ፣ ሥርዓቱም ነፃነቱን መሸከም አቅቶት ፈረሰ።» (ግላስኖስት ግልጽነት፣ ፔሬስትሮይካ መልሶ ማዋቀር ማለት ነው።) ዓረፍተ ነገሩ ያምራል። ጆሮ ላይ ጥሩ ነው። ግን ምኑን ከፈተ? ምን ያህል ከፈተ? መሸከም ያቃተው ማን ነው? ናሙናው ለአንዱም መልስ የለውም፣ ምክንያቱም የሆነ ነገር ሳያውቁ መመለስ አይቻልም። ይኼው ዓረፍተ ነገር እኮ ስሙን ብቻ ቀይረን በ1968 ቼኮዝሎቫኪያን ለመለወጥ ለሞከረው ለዱብቼክ ፕራግም ሊሠራ ምንም አይቀረው። ለሁሉም የሚሆን መልስ ደግሞ የየትኛውም ጥያቄ መልስ አይደለም።

እንግዲህ የ1989ኙን ምርጫ እንየው፤ እኔ ልጆቹን ሁልጊዜ የምጀምራቸው ከዚያ ነው።

በ1988 የበጋ ወራት 19ኛው የፓርቲ ኮንፈረንስ ተሰበሰበ። ጎርባቾቭ አዲስ የሕዝብ ተወካዮች ኮንግረስ ይቋቋም አለ። ሕጉ በዓመቱ መጨረሻ ወጣ። ኮንግረሱ 2,250 ተወካዮች ይኖሩታል። ከእነዚህ 1,500ዎቹን ሕዝብ ይመርጣቸዋል። 750ዎቹ ግን ለድርጅቶች የተመደቡ ናቸው፦ ለሠራተኛ ማኅበራት፣ ለወጣቶች ማኅበር፣ ለሳይንስ አካዳሚ። ለፓርቲው ለራሱ 100 መቀመጫ ተይዞለታል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። ከሦስት አንዱ መቀመጫ ከሕዝብ ድምፅ ውጭ ነው። አንድ ልጅ ይኼን ካወቀ «ሥርዓቱን ከፈተ» ብሎ መጻፍ ያሳፍረዋል። «በሩን ከፈተ፣ ግን እግሩን ደፉ ላይ አስቀምጦ ነው» ብሎ ይጽፋል። ሐሳቡ ከየት መጣ? ከቁጥሩ ነው የመጣው። ልጁ ሐሳቡን አስቀድሞ ይዞ ቁጥሩን ለማስጌጫ የፈለገው አይደለም።

ከዚያ ማርች 26 ቀን 1989 መጣ። ከዚያ በፊት በምርጫ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው አንድ ስም ብቻ ነበር፣ የሚታወጀው ውጤትም ሁልጊዜ ከ99 ከመቶ በላይ ነው። አሁንም በብዙ የምርጫ ክልሎች አንድ ዕጩ ብቻ ነበር የቀረበው። ሌኒንግራድ ውስጥ ዩሪ ሶሎቪዮቭ የሚባል ሰው ነበር። የክልሉ ፓርቲ አንደኛ ጸሐፊ ነው። የፓርቲው ከፍተኛ አመራር የሆነው የፖሊት ቢሮ ተለዋጭ አባልም ነው። ተወዳዳሪ የለውም። ብቻውን ነው የቀረበው። ተሸነፈ።

ልጆቹ እዚህ ላይ ሁልጊዜ «ብቻውን ቀርቦ እንዴት ይሸነፋል?» ይሉኛል። እኔም ይኼን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የምቆየው። መራጩ የማይፈልገውን ስም መሰረዝ ይችላል። ከግማሽ በላይ ድጋፍ ያላገኘ ደግሞ አያልፍም። የሌኒንግራድ ሰው እስክሪብቶ አንሥቶ የአንደኛ ጸሐፊውን ስም ሰረዘ። ለአሥርት ዓመታት ለይስሙላ የኖረች ደንብ አንድ ቀን ሥራ ላይ ዋለች። ጎርባቾቭ ያሰበውና የሆነው ነገር የተለያዩት እዚያ ላይ ነው። ለፓርቲው መተማመኛ ተብሎ የቀረው ነገር ፓርቲውን ጠለፈው።

ሞስኮ ላይ ደግሞ በ1987 መጨረሻ ከከተማዋ የፓርቲ ኃላፊነት የተባረረው የልሲን 89 ከመቶ ድምፅ አገኘ። ይኼ የሚታወቅ ነው፣ ብዙ ልጅም ይጽፈዋል። ብዙ ልጅ የማይጽፈው ቀጣዩን ነው። ኮንግረሱ ከመካከሉ 542 አባላት ያሉት ላዕላይ ሶቪየት (ቋሚ ፓርላማ) ሲመርጥ የልሲን መጀመሪያ ላይ መቀመጫ አላገኘም። ከኦምስክ የመጣ ካዛኒክ የሚባል የሕግ መምህር ነው የራሱን ቦታ የለቀቀለት። ሚሊዮኖች የመረጡትን ሰው ኮንግረሱ ውጭ ሊያስቀረው ነበር። ይኼ ሁሉ በቴሌቪዥን በቀጥታ እየታየ ነው።

የተመደቡት 750 መቀመጫዎችስ? እዚያም ያልተጠበቀ ነገር አለ። አንድሬ ሳካሮቭ የገባው በሳይንስ አካዳሚው መቀመጫ ነው። የአካዳሚው አመራር መጀመሪያ ስሙን ከዝርዝሩ አስቀረው። ሳይንቲስቶቹ አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ። ከቀረቡላቸው ዕጩዎች አብዛኞቹን ጣሏቸው፣ ሳካሮቭም በሁለተኛው ዙር ተመረጠ። ለቁጥጥር የተመደበ መቀመጫ የሥርዓቱን ታዋቂ ተቺ አስገባ ማለት ነው። ስለዚህ «750ው መቀመጫ ለውጡን ገደለው» ብሎ የሚጽፍ ልጅም ሳካሮቭ ላይ ሲደርስ ቆም ይልና ያስተካክላል።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። ከተመረጡት ተወካዮች ከአሥር ዘጠኝ የሚጠጉት የፓርቲው አባላት ነበሩ። እንግዲህ «ፓርቲው በምርጫ ተሸነፈ» ማለት አይቻልም። የሆነው ነገር የፓርቲ ሰው በፓርቲ ሰው መሸነፉ ነው። የልሲን ራሱ ያን ጊዜ የፓርቲ አባል ነበር። የተሰነጠቀው ፓርቲው ከውስጥ ነው። ይኼ «ሥርዓቱ ነፃነቱን መሸከም አቃተው» ከሚለው በጣም የሚለይ መልስ ነው። የበለጠ ትክክልም ነው። ፈታኝም የሚፈልገው «ምን ያህል» ለሚለው ጥያቄ እንዲህ ያለ ሚዛን ነው።

ወደ ጸሐፊው ሦስተኛ ምክር ልለፍ፤ እኔን ከሁሉም ያስከፋኝ ይኼ ነው። «የግድ ከሆነ በየአንቀጹ አንድ ቀን እንደ ጨው ነስነስ አድርጉ።» ይኼን ልጆች ይወዱታል፣ ምክንያቱም ቀላል ነው። በየሳምንቱ የምሰርዘውም እንዲህ የተጻፈውን ነው፦ «ጎርባቾቭ በማርች 11 ቀን 1985 ሥልጣን ያዘ። ግላስኖስትን በማምጣት ሕዝቡ በነፃነት እንዲናገር አደረገ።» ቀኑ ትክክል ነው። ግን ምን ሠራ? ቢወጣ አንቀጹ ምንም አይጎድልበትም። እንደዚህ ያለው ቀን ለፈታኙ የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ልጁ ቀኑን እንደሚያውቀው።

አሁን ይኼን አነጻጽሩት። የቼርኖቤል የኑክሌር ማመንጫ የፈነዳው ኤፕሪል 26 ቀን 1986 ነው። የሶቪየት መንግሥት አጭር መግለጫ ያወጣው ኤፕሪል 28 ማታ ነው፣ ያውም ስዊድን ውስጥ ጨረሩ በመሣሪያ ከታየ በኋላ። ጎርባቾቭ በቴሌቪዥን ቀርቦ የተናገረው ሜይ 14 ነው። ከፍንዳታው እስከ ንግግሩ 18 ቀን ቆጠረ። ዋና ጸሐፊ ከሆነ ዓመት አልፎታል። ስለ ግላስኖስት መናገር ጀምሯል። 18ቱ ቀን ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ደግሞ ጎርኪ ከተማ በግዞት የተቀመጠው ሳካሮቭ ቤት ስልክ ገባ፣ ጎርባቾቭ ራሱ ደውሎ ወደ ሞስኮ መመለስ ትችላለህ አለው። በኤፕሪልና በዲሴምበር መካከል የሆነ ነገር ተለውጧል። ልጁ እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ካስቀመጠ ግላስኖስት በአንድ ቀን የታወጀ ፖሊሲ እንዳልነበረ፣ በአደጋና በግፊት እየሰፋ እንደሄደ ማሳየት ይችላል። እዚህ ቀኑን ብታወጡት ክርክሩ ይወድቃል። እንግዲህ የሚፈለገው ማስረጃ እንደዚህ ነው፣ ሲወጣ የሚጎድል።

ከስታሊን በኋላ ስለመራው ስለ ክሩሽቼቭ ለሚጠየቁትም ያው ነው። ሁሉም ልጅ «ክሩሽቼቭ የስታሊንን ሽብር አስቀረ» ይላል። በምን ታውቃለህ ስለው ዝም ይላል። በ1953 የምሥጢር ፖሊሱ አለቃ ቤሪያ ሲሸነፍ ምን ሆነ? በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ተረሸነ። በ1957 የአመራር ባልደረቦቹ ሞሎቶቭና ማሌንኮቭ ክሩሽቼቭን ለማውረድ ሞክረው ሲሸነፉስ? ሞሎቶቭ ሞንጎሊያ አምባሳደር ሆኖ ተላከ፣ ማሌንኮቭ ካዛክስታን ውስጥ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ኃላፊ ተደረገ። ተዋረዱ፣ ግን በሕይወት አሉ። በ1964 ክሩሽቼቭ ራሱ ሲወርድ ጡረታ ወጣ። ሦስት ሽንፈቶች በ11 ዓመት ውስጥ። እነሱን ደርድሮ «በቁንጮው ላይ የመሸነፍ ዋጋ ከጥይት ወደ ጡረታ ወረደ» ብሎ የጻፈች ተማሪ አለችኝ። ዓረፍተ ነገሩ የራሷ ነው። ማንም አላስጠናትም። በዚያው ላይ የ1962ቱን የኖቮቸርካስክ ከተማ ነገር አመጣች። እዚያ በዋጋ ንረት የተነሡ ሠራተኞች ላይ ወታደር ተኩሶ ገድሏል። ስለዚህ ያ ምሕረት የደረሰው ለቁንጮዎቹ እንጂ ለሁሉም እንዳልሆነ ጨመረችበት። ከንፈሬን ነክሼ ነው ያነበብኩት፣ በጣም ደስ ብሎኝ።

የፌብሩዋሪ 1956ቱ ምሥጢራዊ ንግግርም እንደዚሁ ነው። «ስታሊንን አወገዘ» ብቻ ከተባለ ትልቅ ለውጥ ይመስላል። ውስጡን ያየ ልጅ ግን ክሩሽቼቭ የወቀሰው በዋናነት ከ1934 በኋላ በፓርቲው ሰዎች ላይ የደረሰውን ግፍ መሆኑን ያውቃል። የገበሬውን መሬት የነጠቀውን የኅብረት እርሻ ዘመቻ አልወቀሰም፣ ሌኒንንም ፓርቲውንም አልነካም። የለውጡ ልክ የት ላይ እንደቆመ የሚነግረን ንግግሩ ውስጥ ያልተባለው ነገር ነው።

ስለ ስምና ስለ አቆጣጠር ያሉት ነገር እውነትነት አለው። ችግሩን በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንድ አባት ልጃቸውን ሲያግዙ «ጎርባቾቭ የመጣው እኮ በ77 ነው» አሉት። ትክክል ናቸው፣ መጋቢት 2 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ልጁ ግን 1977 ብሎ ጻፈው። የሚገርመው በፈረንጆቹ 1977 የክሩሽቼቭ ተተኪ የብሬዥኔቭ ሕገ መንግሥት የወጣበት ዓመት ነው፣ ፓርቲው የኅብረተሰቡ መሪ ኃይል ነው የምትለው አንቀጽ 6 ያለችበት። ስለዚህ ልጁ ጎርባቾቭን አንቀጽ 6 በተጻፈችበት ዓመት ሥልጣን ላይ አወጣው፤ ጎርባቾቭ ደግሞ አንቀጿ ስትሻሻል የነበረው መሪ ነው።

ታዲያ መፍትሔው ዓመቱን መጣል ነው? እኔ ያደረግኩት ሁለቱን አቆጣጠሮች አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፌ ለአባትም ለልጅም መስጠት ነው። ከዚያ በኋላ አንድ የሚያስደስት ነገር ሆነ። አንቀጽ 6 ፓርቲውን በብቸኝነት የሚያነግሠውን ሐሳብ ያጣችው በማርች 1990 ነው። አባትየው ወረቀቱን አይተው «ይኼማ የካቲትና መጋቢት 82 ነው» አሉ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚን ያወጁበትና ኢሠፓ ስሙን የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ አንድነት ፓርቲ ያለበት ሰሞን ነው። በሬዲዮ የሰሙትን ለልጃቸው አወሩለት። ያ ልጅ ከዚያ ወዲህ ማርች 1990ን አልረሳም። የኢትዮጵያውን ታሪክ ፈተናው ላይ አይጽፈውም፣ ጥያቄው ስለ ሶቪየት ነውና። ግን ዓመቱ ቤቱ ውስጥ ሰው የኖረበት ዓመት ሆነለት። እንዲህ የተያዘ ዓመት በቸከላ ከተያዘው ይለያል።

የሩሲያ ስምም ያው ነው። ስም ብቻውን ይከብዳል። ብቻውን ተወዳድሮ የተሸነፈው ሰውዬ ስሙ ማነው ሲባል ግን ሶሎቪዮቭ ብሎ መመለስ ለማንም ልጅ አይከብድም።

ቁጥሩ ከጠፋስ? ጸሐፊው ልጆች ይደናገጣሉ ይላሉ፣ ይኼም እውነት ነው። ለልጆቹ የምነግራቸው እንዲህ ነው። 2,250 እና 750 ከጠፋባችሁ «አንድ ሦስተኛው መቀመጫ» በሉ። የልሲን በ1991 የሩሲያ ፕሬዚዳንት ሲመረጥ ያገኘው 57 ከመቶ ከጠፋባችሁ «ከግማሽ በላይ» በሉ። የጠፋውን ቁጥር ግን ከራሳችሁ አትፍጠሩ። ጎርባቾቭ በማርች 1990 ፕሬዚዳንት የሆነው በኮንግረሱ ድምፅ፣ ያለ ተፎካካሪ መሆኑን፣ የልሲን ግን በጁን 1991 የሩሲያ ፕሬዚዳንት የሆነው በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ መሆኑን ከያዛችሁ ቁጥሩ ቢጠፋም ክርክሩ አይጠፋም። በኦገስት 1991 መፈንቅለ መንግሥቱ ሲሞከር ሕዝብ የመረጠኝ ነኝ ብሎ መቆም የቻለው የትኛው እንደነበረ ከዚያ ይታያል።

የመጨረሻው «ቁጥር ስልክ ላይ ይገኛል» የሚለው ነው። ፈተና ክፍል ስልክ አይገባም፣ እሱን ሁላችንም እናውቃለን። ስልኩ ቢፈቀድ እንኳ ልጁ ምን ብሎ ይፈልጋል? «ጎርባቾቭ ግላስኖስት» ብሎ ቢጽፍ የሚመጣለት ያችው የጸሐፊው ናሙና ዓይነት ጥቅል ዓረፍተ ነገር ናት። ማርች 1989 ላይ ሌኒንግራድ ውስጥ ብቻውን ቀርቦ ስለተሸነፈው ሰው የሚጠይቀው፣ አስቀድሞ እንዲህ ያለ ሰው እንደነበረ የነገሩት ልጅ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜም እነግራቸዋለሁ፤ ለጠየቁኝ እናትም ልጅዎ የያዘው ወረቀት ላይ ከየቀኑ ጎን «ታዲያ ምን ይሁን?» የሚል ጥያቄ ይጻፍበት እንጂ አይቅደደው ብያቸዋለሁ።